ያንገቷን ጌጥ የነቀሰችው ማን ነበረች?

ከወልድያ ተነሥቶ ወደ ደብረ ታቦርና ወደ ባሕር ዳር አቅጣጫ የሚዘልቀውን፣ በቻይና መንግሥት ርዳታ የተሠራውን መንገድ ተከትለው የተጓዙ አንባቢያን ጋሸናን ያውቋታል። ወደ ላሊበላ የሚሄደው መንገድ ከዋናው አውራ ጎዳና የሚገነጠለው እዚህች ደጋማ ከተማ ላይ ስለ ሆነ፣ በመኪና ለገና በዓል የሚመጣው መንገደኛ ብዙው በእርሷ በኩል ያልፋል። አብዛኛው ሻዩን ፉት ብሎ፣ ጋቢውን አጥብቆ፣ የብርዷን ነገር እያማረረ ወደ መኪናው ይመለሳል። እርስዎ በሚቀጥለው ጊዜ ሲያልፉ ግን በትሕትና ዓይንዎን ወደ እናቶች አንገት ጣል ያድርጉ። እንደ ድሪ የተደረደሩ ሰማያዊ መስመሮች በአሮጊቶቹ አንገት ላይ ያያሉ። በአንዳንዶቹ ግንባር ላይ መስቀል፣ በአገጫቸው ላይ ነጠብጣብ፣ ሲስቁ ደግሞ የጠቆረ ድድ ይታያል። ከእነርሱ አጠገብ ደብተሯን ይዛ የምትቆመው ተማሪ አንገት ግን አብዛኛውን ጊዜ ባዶ ነው።

ስለ ንቅሳት ብዙ ተነግሯል። ዘፋኙ አወድሶታል፤ ጎብኚው ፎቶግራፍ አንሥቶታል፤ የጤና ባለሙያው ደግሞ አውግዞታል። ስለ ነቃሿ፣ መርፌውን ስለ ያዘችው ሴት ግን የተነገረው እጅግ ጥቂት ነው። እርስዎ ራስዎ ተነቅሰው እንደ ሆነ፣ ወይም እናትዎ ተነቅሰው እንደ ሆነ፣ የነቃሿን ስም ያውቁታልን? በዛሬው ዓምዳችን የምናነሣው የእርሷን ሥራ፣ በሥራዋም ውስጥ የነበረውን ጥበብና አደጋ ነው።

በላስታም ሆነ በሌላው የሰሜን ኢትዮጵያ ደጋ ነቃሽነት በአብዛኛው የሴት ሥራ ነበር። መሣሪያው ቀላል ነው፤ መርፌ፣ ወይም በክር አንድ ላይ የታሰሩ መርፌዎች፣ መርፌ ባልተገኘበትም እሾህ። ቀለሙ ከኩራዝ ጭስ ወይም ከድስት ቂጥ የተጠረገ ጥላሸት ሲሆን፣ በውሃ ወይም በቅጠል ጭማቂ ይለወሳል። ነቃሿ በመጀመሪያ መስመሩን በስንጥር ጫፍ ቆዳው ላይ ትነድፋለች፤ ከዚያ መስመሩን ተከትላ ትወጋለች፣ ጥላሸቱን ትቀባለች፣ ደሙን ጠርጋ እንደገና ትወጋለች። ቁስሉ ያብጣል፣ ቅርፊት ይሠራል፣ ቅርፊቱም ሲረግፍ ጌጡ ወጥቶ ይታያል።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም እንበል። ነገሩ ሲወራ ቀላል ይመስላልና። የሰው ቆዳ የላይኛው ሽፋኑ በሳምንታት ጊዜ ውስጥ እየረገፈ ይታደሳል፤ ስለዚህ ጥላሸቱ ከዚያ ላይ ብቻ ከቀረ አብሮ ረግፎ ይጠፋል። ቀለሙ ዕድሜ ልክ የሚቆየው ከሥር ወዳለው ንብርብር ሲደርስ ነው። ጥልቀቱም ከአንድ እስከ ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል ቢሆን ነው። ከዚያ ካለፈ ደም ይበዛል፣ መስመሩም ይፈሳል። ጥላሸቱ እዚያ ሲደርስ ሰውነታችን እንደ ባዕድ ነገር ቆጥሮ፣ ጠራጊ የሆኑት የሰውነት ሕዋሳት ይውጡታል፤ ነገር ግን ሊፈጩት ስለማይችሉ ይዘውት ይቀመጣሉ። ጥቁሩም በቆዳ ሥር አልፎ ሲታይ ለዓይን ሰማያዊ ይመስላል። የጋሸናዋ ነቃሽ ይህን ከመጽሐፍ አልተማረችውም፤ እጇ ግን ያውቀው ነበር። ያለ መለኪያ፣ ከበር በሚገባ ብርሃን፣ እያለቀሰች በምትወራጭ ልጅ አንገት ላይ ግራና ቀኙ የተስተካከለ መስመር ማውጣት ስንት ዓመት ልምምድ እንደሚጠይቅ የጥልፍ ሥራ የሞከረች ሁሉ ትገምተዋለች። ጥልፍ ቢበላሽ ይፈታል፤ ይህ ግን አይፈታም።

እንጀራ መጋገር፣ ፈትል መፍተል፣ ስፌት መስፋት በአገራችን «ሙያ» ተብለው ሲመሰገኑ፣ ነቃሽነት ከዚያ ዝርዝር ውስጥ መግባቱን አልሰማንም። ሆኖም ሙያ ከተባለ ይህም ሙያ ነው። ትምህርቱ በማየት ነበር፤ የሚያይ ዓይንና የማይንቀጠቀጥ እጅ ያላት ልጅ ከእናቷ ወይም ከጎረቤቷ ጎን ተቀምጣ ትለምደዋለች። ክፍያውም ቤቱ ባፈራው ነገር ነበር፤ እህልም ይሁን ሳንቲም። ደሞዝ የሌላት፣ መሬትም በስሟ የማይመዘገብላት የዚያን ዘመን ሴት በገዛ እጇ ጥበብ ገቢ የምታገኝበት መንገድ ስንት ነበር? ይህን ሳያስቡ ነቃሿን ጎጂ ድርጊት ፈጻሚ ብቻ ብሎ መጥራት ፍርደ ገምድልነት ይሆናል።

ለምን ይነቀሱ እንደ ነበር ሲጠየቅ የሚገኘው መልስ አንድ ብቻ አይደለም። የመጀመሪያው ውበት ነው። ወርቅና ብር መግዣ የሌላት የገበሬ ልጅ አንገቷን በማይሰረቅ፣ በማይሸጥ ድሪ ታስጌጣለች። ድድ የሚነቀሰውም ጥርስ ነጥቶ እንዲታይ ነው። ሁለተኛው ሃይማኖት ነው፤ የግንባር መስቀል ማተብ ቢበጠስ እንኳ የማይጠፋ ምልክት ሆኖ ይታይ ነበር። ሦስተኛው ግን ከቁም ነገር ሁሉ በላይ እናቶችን ሊያሳስብ የሚገባው ነው፤ ይኸውም መድኃኒትነት ነው። ንቅሳት እንቅርትን ይከላከላል፣ ድድንም ያጠነክራል ተብሎ ሲታመን ኖሯል።

ስለ እንቅርት አንድ ሁለት ቃል ማለት ያስፈልጋል። እንቅርት የሚመጣው ሰውነት አዮዲን የተባለውን ንጥረ ነገር ሲያጣ ነው። ለብዙ ዘመናት ዝናብ ያጠበው የደጋ አፈር አዮዲኑ ተጠርጎ ስለሚሄድ፣ በዚያ የሚበቅለው እህልም አዮዲን ያንሰዋል፤ የደጋ ሰው በእንቅርት የሚጠቃበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ታዲያ የአንገት ቆዳ ቢወጋና ጥላሸት ቢገባበት የጎደለውን አዮዲን ከየት ያመጣዋል? የእንቅርት መከላከያው ያለው በጨው ዕቃችን ውስጥ ነው። በኢትዮጵያና በኤርትራ መካከል የተነሣው የእ.ኤ.አ. 1998 ጦርነት ከአሰብ ይመጣ የነበረውን አዮዲን ያለው ጨው አቋረጠው፤ እ.ኤ.አ. በ2011 ደግሞ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ለምግብ የሚውል ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲኖረው በደንብ አዘዘ። እናቶች ሆይ፣ ጨው ሲገዙ በማሸጊያው ላይ አዮዲን ያለው መሆኑን ያንብቡ። ክዳን ባለው ዕቃ፣ ከፀሐይና ከእርጥበት አርቀው ያስቀምጡት፤ ከወጡም ላይ የሚጨምሩት ሊወጣ ሲል ይሁን። በተለይ እርጉዝ የሆነች ሴት አዮዲን ቢያንሳት በማኅፀኗ ያለው ልጅ የአእምሮ እድገት ይጎዳል። ጥርስን የሚያበላሸውም የጣፋጭ ነገርና የባክቴሪያ ሥራ ነው እንጂ ድዱ ባለመነቀሱ አይደለም።

አሁን ወደ መርፌው እንመለስ፤ የነገሩ ሁሉ ክፉ ጎን እዚያ ላይ ነውና።

እሾህ አንድ ጥቅም ነበረው፤ ሲደንዝ ይጣላል። የብረት መርፌ ግን ሀብት ስለ ነበር አይጣልም። በአንድ ቀን ብዙ ልጃገረዶች ሲነቀሱ ያው መርፌ፣ ያው የጥላሸት ጽዋ ከአንዷ ወደ ሌላዋ ይዞር ነበር። ነቃሿ መርፌውን በጨርቅ ብትጠርገው፣ በእሳት ብታሳልፈው እንኳ በጽዋው ውስጥ የገባው ደም እንዳለ ነው። በዚህ መንገድ የቲታነስ፣ የጉበት በሽታና የኤች አይ ቪ ተሕዋስያን ሊተላለፉ ይችላሉ። በተለይ ሄፓታይተስ ቢ የተባለው የጉበት ቫይረስ ከሰውነት ውጭ በደረቀ ደም ውስጥ ሰባት ቀንና ከዚያም በላይ ሕያው ሆኖ ይቆያል። ያዘም አልያዘም ለብዙ ዓመታት ምልክት ላያሳይ ይችላል፤ እናት በወሊድ ጊዜ ለልጇ ታስተላልፈዋለች። ከእ.ኤ.አ. 2007 ጀምሮ ለሕፃናት በሚሰጠው የአምስት በሽታዎች ጥምር ክትባት ውስጥ የዚህ በሽታ መከላከያ ስለ ተጨመረ የዛሬ ልጆች ዕድለኞች ናቸው። ከዚያ በፊት ተወልደው በጋራ መርፌ የተነቀሱ እናቶች ግን ለሌላ ጉዳይ ጤና ጣቢያ ሲሄዱ «የጉበት ቫይረስ ምርመራ ማድረግ እችላለሁ ወይ?» ብለው ቢጠይቁ መልካም ነው። በደም ጠብታ የሚታወቅ ነገር ነው።

የነቃሿን ገበያ ያቀዘቀዘውም በአብዛኛው ይህ ዕውቀት ነው። በአገራችን የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማን እ.ኤ.አ. በ1986 ከታወቁ በኋላ በትምህርት ቤቱ፣ በቀበሌውና በሬዲዮው «በስለት ነገር በጋራ አትጠቀሙ» የሚለው ትምህርት ሲደጋገም ኖረ። ጎጂ ልማዳዊ ድርጊቶችን እንዲታገል እ.ኤ.አ. በ1987 የተቋቋመው ብሔራዊ ኮሚቴም ንቅሳትን ከእነዚሁ ድርጊቶች መካከል ቆጠረው። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ደግሞ ትምህርቱን እስከ ገጠሩ ጓዳ አደረሰው። ግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. በሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግም ጎጂ በሆነ ልማዳዊ ድርጊት በሌላው አካል ላይ ጉዳት ማድረስን ያስቀጣል።

ከዚህም ሌላ የኀፍረት ጉዳይ አለ። ከገጠር መጥታ በከተማ የምትማር ወይም የምትሠራ ልጅ በንቅሳቷ ምክንያት «ገጠሬ» እየተባለች መቀለጃ ስትሆን እናያለን። ይህን የሚሉት ደግሞ በማግሥቱ ታቱ ቤት ተሰልፈው ክንዳቸውን የሚያስነቅሱ ናቸው! ያው ጥላሸት፣ ያው መርፌ፤ ልዩነቱ የኤሌክትሪክ ገመድ ብቻ ነው። እርሱም ቢሆን አዲስ አይደለም፤ የኒው ዮርኩ ሳሙኤል ኦራይሊ የኤሌክትሪክ መነቀሻ መኪናውን በስሙ ያስመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1891 ነው። ከኢትዮጵያ ወደ እስራኤል ከሄዱ እናቶቻችንም ግንባራቸው ላይ መስቀል የተነቀሰ ነበሩና፣ በአዲሱ አገራቸው ምልክቱ ምን ያህል እንዳሳቀቃቸው ለመገመት አያዳግትም። በልጅነቷ ማንም ሳይጠይቃት የተነቀሰች ሴት በስተርጅናዋ መልስ እንድትሰጥበት መገደዷ ነው የሚያሳዝነው።

ለንጽጽር ያህል ወደ ሌላው ዓለም ብንሻገር፣ ነቃሽነት የትም ቦታ እንደ እኛ አገር ስም ሳይወጣለት አልቀረም። በፊሊፒንስ ተራሮች፣ ካሊንጋ በተባለው አውራጃ፣ ቡስካላን በምትባል መንደር የሚኖሩ ዋንግ ኦድ የሚባሉ እናት አሉ። እ.ኤ.አ. በ1917 የተወለዱ ሲሆኑ፣ ከልጅነታቸው ጀምረው የነቀሱት እንደ ላስታዋ ሴት በእሾህና በጥላሸት ነው። እ.ኤ.አ. በ2023፣ በ106 ዓመታቸው፣ ፎቶግራፋቸው ቮግ በተባለው መጽሔት የፊሊፒንስ እትም ሽፋን ላይ ወጣ። ሙያው ከእርሳቸው ጋር እንዳይቀበር ለወንድምና ለእኅት የልጅ ልጆቻቸው አስተምረዋል። ከሩቅ የሚመጣ እንግዳ ከእጃቸው ጥቂት ነጠብጣብ ለማግኘት ተራራ ይወጣል።

በህንድ አገር ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ያስደንቃል። እዚያም «ጎድና» የሚባል ንቅሳት አለ። በመካከለኛው ህንድ የባይጋ ሴቶች ከሌላ ወገን በሚመጡ ነቃሽ ሴቶች እጅ ይነቀሳሉ፤ ከሞት በኋላ አብሮ የሚሄድ ጌጥ ንቅሳት ብቻ ነው ብለውም ያምናሉ። በቢሃር ክፍለ አገር፣ ማዱባኒ በተባለው አካባቢ፣ ከተናቀ ወገን የተወለዱት ቻኖ ዴቪ የንቅሳቱን ቅርጽ ከቆዳ አንሥተው ወደ ወረቀት አመጡት፤ ተከታዮቻቸው የሆኑ ሴቶችም ሥዕሉን እየሸጡ ቤታቸውን የሚያስተዳድሩ ሆኑ። መርፌ የለ፣ ደም የለ፤ ጥበቡ ግን አለ። በሰሜን ምሥራቁ ማኒፑር የተወለደውና ሞ ናጋ በሚል ስም የሚታወቀው ነቃሽ የፋሽን ትምህርት ተምሮ ሲያበቃ፣ በሽማግሌዎች ቆዳ ላይ የቀረውን የናጋ ሕዝቦች ንቅሳት እየዞረ መዝግቦ ዛሬ በንጹሕ መሣሪያ ይሠራዋል። በትልልቆቹ የህንድ ከተሞችም ነቃሽነት ትምህርት የሚሰጥበት፣ ደንበኛ በቀጠሮ የሚመጣበት የሥራ መስክ ሆኗል።

የእኛዋ ነቃሽ ከእነዚህ በምን ታንሳለች? በእጅ አታንስም። ያነሣት መዝጋቢ ነው። የላስታዋ እናት አንገት ላይ ያለው መስመር ስንት ዓይነት እንደ ሆነ፣ እያንዳንዱ ምን ተብሎ ይጠራ እንደ ነበር ከባለቤቶቹ ጋር ወደ መቃብር እየወረደ ነው። ሙዳይና መሶብ የምትሰፋ፣ የቀሚስ ጥልፍ የምትጠልፍ ሴት በዚያው በላሊበላ ለጎብኚ የምትሸጠው ነገር ላይ ያንን መስመር ብታሳርፈው ማን ይከለክላታል?

ወደ ከተማችን እንመለስ። ዛሬ በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች የታቱ ቤቶች፣ ቅንድብ የሚነቅሱ የውበት ሳሎኖችም ተከፍተዋል። ለመሥሪያ ቤት የምትቸኩል ሠራተኛ እናት ቅንድቧን በየማለዳው ከመኳል አንድ ጊዜ ብትነቀስ እንደሚቀላት ታስባለች። መብቷ ነው። ነገር ግን ወንበሩ ላይ ከመቀመጥዎ በፊት ነቃሹን ይጠይቁ፤ መጠየቅ አያሳፍርም። መርፌው ከታሸገበት ፊትዎ ይከፈት፤ ከሥራ በኋላም ፊትዎ ይጣል። ቀለሙ ለእርስዎ ብቻ በትንሽ ዕቃ ይቀዳ፤ የተረፈው ወደ ብልቃጡ አይመለስ። ጓንቱ አዲስ ይሁን። በአልኮል መጥረግ ብቻውን መርፌን ከተሕዋስያን ነጻ አያደርግም። እርጉዝ የሆኑ፣ የስኳር ሕመም ያለባቸው፣ ቁስላቸው ሲድን ጠባሳው የሚያብጥባቸው ሴቶች መጀመሪያ ሐኪም ያማክሩ። ለሠርግ የሚቀባውን ሂና በተመለከተም፣ የተፈጥሮው ሂና ቀይ ቡናማ ነው፤ «ጥቁር ሂና» ተብሎ ቶሎ እንዲጠቁር የፀጉር ማቅለሚያ ኬሚካል የተቀላቀለበት ግን ቆዳን አቃጥሎ ጠባሳ ሊተው ይችላል። እንሶስላና ጉሽርጥ ለነበረው ቤት ይህን መግዛት ምን ይሉታል?

ልጅዎ ደግሞ ልነቀስ ብላ ብትጠይቅዎ ምን ይመልሳሉ? መቆጣት አያዋጣም፤ ተደብቃ ከማታውቀው ሰው ዘንድ ትሄዳለችና። ዕድሜዋ ደርሶ በራሷ እስክትወስን ድረስ እንድትቆይ ያግባቧት። የአያቷን አንገት ያሳዩአት፤ አያቷ ተጠይቀው እንዳልነበረ፣ እርሷ ግን የምትጠየቅበት ዘመን ላይ እንደ ደረሰች ይንገሯት።

ያለ ፈቃዷ የተነቀሰች፣ አሁን ማስለቀቅ የምትፈልግ ካለች መንገድ አለ። ሌዘር የተባለው ጨረር ጥላሸቱን ይሰባብረዋል፤ ሰውነትም ቀስ በቀስ ይጠርገዋል። ጥቁር ቀለም ለሌዘር ከሌላው ቀለም ይበልጥ ይታዘዛል። ሆኖም በአንድ ቀን የሚያልቅ አይደለም፤ በሳምንታት ልዩነት እየተመላለሱ ደጋግሞ መታከም ያስፈልጋል፣ ዋጋውም ቀላል አይደለም። በጠይምና በጥቁር ቆዳ ላይ ደግሞ ቦታው ነጥቶ ሊቀር ስለሚችል፣ ሥራው የእኛን ዓይነት ቆዳ በሚያውቅ የቆዳ ሐኪም እጅ መሆን አለበት። በአሲድ፣ በበረኪና ወይም በጋለ ብረት ለማስለቀቅ የሚሞክሩ አሉ፤ ትርፉ ከንቅሳቱ የባሰ ጠባሳ ነው።

ማስለቀቅ የማትፈልግ ደግሞ አንገቷን በሻርፕ የምትሸፍንበት ምክንያት የለም። በዚህ ዓመት ለበዓል አገር ቤት ሲወርዱ፣ ቡናው እስኪፈላ አያትዎን ስለ አንገታቸው መስመር ይጠይቁ። ስንት ዓመታቸው ነበር? አልቅሰው ነበር? ቅርጹስ ምን ይባል ነበር? ፈቃዳቸው ከሆነ ፎቶግራፍ ያንሡአቸው፤ የነቀሰቻቸውን ሴት ስም ካስታወሱ በፎቶግራፉ ጀርባ ይጻፉበት።